ትል ቆጣሪ አማች ፍለጋ ሜልበርን

ከሜልበርን ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ጨርቅ ከመዳሰሱ በፊት "እስቲ አውሪን" ይለኛል። አውርቼ አውርቼ ጉሮሮዬ ደረቀ። ለአንዱ የነገርኩት ደግሞ ለሌላው ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ባለፈው አንዷ ጎረቤቴ "እዚያ አገር ባል የሚመረጠው በትል ነው አሉ፣ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ወይ ጉድ! እንዲህ ከሆነስ ልጻፈው አልኩ። ያየሁትን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። ያልገባኝን ደግሞ እንዳልገባኝ እነግራችኋለሁ፤ እሱም ይበዛል።

አስካለ እባላለሁ፤ ደሴ ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ልጅ ምሕረትን ትቶልኝ ነው ያረፈው። ምሕረት ለትምህርት ሜልበርን ሄዳ፣ ተምራ፣ እዚያው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነርስ ሆነች። አምና "እማ፣ አንድ ልጅ አለ" አለችኝ። ናትናኤል ይባላል፤ ወላጆቹ በስደት ሄደው እዚያው የወለዱት የኛው ልጅ ነው፣ ክርስቲያን ነው። "ሥራውስ?" ስላት ወሬ ልትቀይር ሞከረች።

"ንገሪኝ እንጂ!"

"የባሕር ትል ነው የሚያጠናው፣ እማ።"

"ሐኪም ነው በይኛ?"

"አይ። ትሎቹን ይቆጥራል።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

እሺ ይሁን። ግን በወጉ ይሁን፣ ሽማግሌ ይላክ አልኩ። ምሕረትም ወግ ላይ ከኔ የባሰች ናት፤ "ሽማግሌዎቹን የምትቀበዪው አንቺ ነሽ፤ ካልመጣሽ አላገባም" ብላ ቲኬቱን ቡክ አደረገች። የአባቷን ቦታ መያዝ የነበረበት ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ግን ወገቡን ስለሚያመው አውሮፕላን ላይ ያን ያህል ሰዓት መቀመጥ አይችልም። በምትኩ ምክሩን አሸክሞ ላከኝ። "ስሚኝ አስካለ፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ካልሽ ልጅቷን አረከስሻት። ነቀፋ አውጪ፣ አስጨንቂያቸው፣ በሳምንቱ ተመለሱ በይ" አለኝ። ይሄ ለኔ ምን ይከብደኛል? ነጋዴ ነኝ። "አይሆንም" ሲሉት ጥሎ የሚሄድ ደንበኛ ድሮም ሊገዛ አልመጣም።

ማክሰኞ ማለዳ ከደሴ በአውቶቡስ ተነሳሁ። ጣርማ በር ላይ የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢዬን ደርቤ ተኮራምቼ አለፍኩት። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬ ረቡዕ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ከአጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ቀበቶዬን አሰረልኝ፣ ምግቤን ከታሸገበት ፈታልኝ፤ ልጅ ይውጣልህ ብዬ መረቅኩት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግን በሩ አልከፈት አለኝ። ብገፋው እምቢ፣ ብስበው እምቢ። ስደበድብ አስተናጋጇ መጥታ ከውጭ ከፈተችልኝ። "አይዞዎት እማማ፣ ብዙ ሰው ይቸገራል" አለችኝ፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ግን የሚያየው እኔን ነበር። መሃል ላይ በማላውቀው አገር ሌላ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ሐሙስ ይሁን ዓርብ ሳይገባኝ ሜልበርን አረፍን። ዓርብ ነበር። ሐሙሱ የት እንደገባ እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ ይፈተሻል። ፈታሿ ሽሮውን አየችው፣ አለፈችው። በርበሬውን አየችው፣ አስነጠሳት፣ አለፈችው። ለምሕረት ብዬ ከጓሮዬ የቆረጥኩትን ጤና አዳም ስታገኝ ግን ጓንት አጠለቀች። ቅጠል አይገባም። እኛ ዘንድ ዕቃ የሚወስድብሽ ሰው ቢያንስ ይቆጣሻል፣ አንቺም ትቆጪዋለሽ፣ ይወጣልሻል። ይቺ ግን "ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ" እያለች፣ ሐዘን ቤት የመጣች ይመስል አንገቷን ደፍታ ወሰደችብኝ። እንዲህ ለሚያዝንልሽ ሰው ምን ትያለሽ? አመስግኜያት ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ነው የተናደድኩት።

ምሕረት የምትኖረው ፉትስክሬይ ነው። ዩኒት ይሉታል፤ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሳሎኑም ወጥ ቤቱም አንድ የሆነ ቤት። ከደጁ ወጣ ስንል በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ፣ እንጀራ የተደረደረበት ሱቅ፣ "እንደምን አደራችሁ" የሚል ሰው። "ይሄን ለማየት ነው እንዴ ያን ሁሉ የበረርኩት?" አልኳት። ጥቅምት እዚያ ጸደይ ነው ይላሉ፤ ቅዳሜ ስንወጣ ፀሐይ ነበር፣ ትራም የሚሉትን የከተማ ባቡር ስንጠብቅ ዘነበ፣ ስንወርድ የደሴ ንፋስ ነፈሰ፣ ከዚያ መልሶ ሞቀ። ጋቢዬን ሳወልቅና ስደርብ ዋልኩ። ምሳ ቬትናሞች ቤት ወሰደችኝ። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ መረቅ ቀረበልኝና መብያው ሁለት እንጨት ነው። መረቅ በእንጨት! የምግብ ቤቱ ባለቤት አሮጊት ስታየኝ ቆይታ፣ ሳትስቅብኝ ማንኪያ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ቋንቋ አልነበረንም፤ ግን ተሳሳቅን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ወርቁ፣ የናትናኤል አባት የቆየ ወዳጅ፣ ሰንሻይን የሚባል ሰፈር ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ናትናኤል በወጉ መሠረት አልወጣም፤ ታች መኪና ውስጥ ይጠብቃል። "ካልተፈቀደልን አንቀመጥም" ብለው ሦስቱም በሶፋውና በፍሪጁ መሃል ተደርድረው ቆሙ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሻይ ላመጣ በመሃላቸው ስሽሎከሎክ አንዱን እግሩን ረገጥኩት። ችሎ ቆመ፤ ወግ ነዋ።

ጋሽ ወርቁ ልመናቸውን አሳምረው ተናገሩ። እኔ ተራዬ ሲደርስ፣ የወንድሜ ምክር አለ፣ የራሴም ምላስ አለ፣ ጀመርኩ።

"ለመሆኑ ልጃችሁ ልጄን በምን ያስተዳድራታል? በትል? እኛ አገር ትል እህል ያበላሻል እንጂ ሰው አያኖርም። ባሕር ዳር ተንበርክኮ አሸዋ ሲጭር የሚውል ሰው ለቤቱ ምን ይዞ ይገባል? ልጄን ለትል ቆጣሪ አልሰጥም!" ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ለማንኛውም ከወገን ልምከር፤ በሳምንቱ ተመለሱ" አልኩ።

"ደግ ነው፣ እንመለሳለን" አሉ ጋሽ ወርቁ። በየተራ ሦስት ሦስት ስኒ ሻይ ጠጥተው ወጡ። በሩ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "እትዬ አስካለ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ እምቢታ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! እዚህ እኮ ወላጆች ልጃቸውን ሲጠየቁ ኦኬ ነው የሚሉት" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም በራሴ ኮራሁ። ማታ ወንድሜ ጋ ደውዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ "አበጀሽ!" አለኝ።

ሰኞ ምሕረት ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

"እማ፣ ትናንት ምን አልሻቸው?"

"የሚባለውን ነዋ።"

"ናቲ ቴክስት አደረገልኝ። የእናትሽን ውሳኔ አከብራለሁ ይላል። ሽማግሌዎቹንም እንዳይመለሱ ነግሯቸዋል።"

"የምን ውሳኔ?"

"እምቢ ያልሽውን!"

"እና አከበረው? አንዴ እምቢ ሲባል አክብሮ የሚሄድ ምን ዓይነት ወንድ ነው?"

"እማ፣ እዚህ አገር እምቢ የተባለ ወንድ መልሶ ከመጣ ነውር ነው። ከነውርም አልፎ ፖሊስ ይጠራበታል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው ያስተማሩት። ጥሩ ሰው ስለሆነ እኮ ነው የሄደው!"

ጭንቅላቴ ዞረ። እኔ የማውቀው የሚወድ ሰው ይመላለሳል፤ ካልተመላለሰ አልወደደም። እዚህ ደግሞ የሚወድ ሰው ይሄዳል፤ ከተመላለሰ ወንጀለኛ ነው። "ታዲያ ደውይለትና አስረጂው፤ ወጉ እንዲህ ነው በዪው" አልኳት። ደወለች። መኝታ ቤት ገብታ ብዙ ተነጋገሩ፣ በእንግሊዝኛ፤ ከመሃል የሰማሁት "እማ" የሚለውን ብቻ ነው። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል።

"ወጉን ነገርኩት። 'እሺ፣ ወግ ነው እንበል፤ ትል ቆጣሪ ማለቷም ወግ ነው?' አለኝ። ጋሽ ወርቁ ቃል በቃል ነግረውታል። አባቱ ፋብሪካ ለፍቶ ያስተማረው ለዚህ ሥራ ነው፣ እማ። 'እናትሽ ልቧ ሌላ ከሆነ በራሷ አፍ ትንገረኝ፤ እኔ ሰው የማይፈልገኝ ቤት አልሄድም' አለ።"

"እኔ? የሴቷ እናት ወንዱን ልለምን?"

"ተይው እንግዲህ" አለች። "ይቀራል። ያለ ናቲ አላገባም፣ ያለ አንቺም አላገባም፤ ስለዚህ አላገባም። ነገ ሺፍት አለብኝ፣ ልተኛ።" መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው። ውሃው እየወረደ ልቅሶዋ ይሰማኛል። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድምፅ አውጥታ አታለቅስም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ የወጣብኝን በምን ልመልሰው?

ማክሰኞ ቤቱ አላስቀምጥ ስላለኝ ብቻዬን ወጣሁ። ፉትስክሬይን ዞርኩት፣ ገበያውን ዞርኩት፣ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። ሁሉም በር አንድ ዓይነት ነው። ደሴ ቢሆን ቁልቁል ከወረድሽ ገበያ፣ ሽቅብ ከወጣሽ ጦሳ ተራራ ነው፤ እዚህ አገሩ ሜዳ ስለሆነ እግርሽ የት እንዳለሽ አይነግርሽም። እንጀራ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከሱቋ ወጥታ "እትዬ፣ ሦስት ጊዜ አለፉኝ እኮ፣ ጠፍተው ነው?" አለችኝ። ሱቁን ዘግታ፣ ደንበኛ እየጠበቃት፣ እስከ በራችን አደረሰችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች።

በራችን ላይ ጋሽ ወርቁ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እትዬ፣ ጉድ ሠራሁ" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "እኔ ደስ ብሎኝ ነው የነገርኩት! እንዲህ አሉ፣ እንዲህ አሉ፣ ድንቅ ናቸው እያልኩ። እሱ መሪውን እንደያዘ ዝም አለ። ዝምታው የደስታ መስሎኝ! ሰንሻይን እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣውም።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ዌሪቢ፣ ባሕሩ ዳር። ይሄ ሰሞን ትሎቹ የሚወጡበት ነው ብሎ በየማለዳው እዚያ ነው። ዓመት ሙሉ የጠበቀው ነው አሉ፤ ስልክም አያነሳም።" ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ እያደረጉ አሰቡ። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ግን ልጁ የየትኛው አገር በሬ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ነገ ማለዳ ልውሰድዎ?"

ወንድሜ ቢሰማ ይገድለኛል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። "ይውሰዱኝ" አልኩ።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ በጋሽ ወርቁ አሮጌ መኪና ወጣን። ዌሪቢ እስክንደርስ መንገዱ የመጋዘን ሰልፍ ነው። ከተማውን አልፈን ወደ ባሕሩ ስንታጠፍ ግን ጎመን መጣ። ጎመን፣ ሰላጣ፣ አበባ ጎመን፣ በቀኝም በግራም። ፍግ ሸተተኝ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፣ ልዩነቱ ማሳው ላይ አንድ ሰው አለመታየቱ ነው። ይሄን ሁሉ ጎመን ማን ነው የሚኮተኩተው? ጋሽ ወርቁ ሦስት ጊዜ ተሳስተው ሦስት ጊዜ ጎመን መሃል ገባን። በአራተኛው አንድ ገበሬ ከትራክተሩ ወርዶ፣ ሳቁን አፍኖ፣ ራሱ ከፊት እየነዳ መርቶ አደረሰን።

ባሕሩ ዝም ብሎ ተኝቷል። ማዶ የሜልበርን ፎቆች ጥርስ መስለው ይታያሉ። አሸዋው ላይ ረጅም ቦቲ ያጠለቀ፣ ባልዲ የያዘ ቀጭን ልጅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ናትናኤልን እስከዚያ በፎቶ ብቻ ነበር የማውቀው፤ በአካል ያየሁት ገና ያኔ ነው። ሲያየኝ ባልዲው ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

"እማማ አስካለ?" አለ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ አነሳ። "እዚያ ቁሙ! አትርገጡ!"

በስመ አብ! ወደ እግሬ አየሁ። የውሃው ጠርዝ ይርመሰመሳል። ጣት የሚያህሉ፣ አንዳንዱ ቀላ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ የመሰለ፣ በሺህ የሚቆጠር ትል እየተጠማዘዘ ይዋኛል። ባሕሩ የሚፈላ ድስት ሆኗል። ወፎቹ ከላይ እየጮሁ ይለቅማሉ። ቀሚሴን ሰብስቤ ልሸሽ ስል ጋሽ ወርቁን ረገጥኳቸው፤ እኔ የሰው እግር ላይ ምን እንደነካኝ እንጃ።

ናትናኤል አንዱን በመዳፉ ውሃ ይዞ አመጣልኝ። አማርኛው ይንገዳገዳል፤ ሲያልቅበት በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፣ ጋሽ ወርቁ ይተረጉሙልኛል። እነዚህ ትሎች፣ አለ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሸዋ ውስጥ እያንዳንዳቸው በየጉድጓዳቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጎረቤታቸውን አያውቁም። ጊዜያቸው ሲደርስ ዓይናቸው ይተልቃል፣ እግራቸው ወደ መቅዘፊያ ይለወጣል፤ ከዚያ በአንድ ማለዳ ወንዱም ሴቷም ከየጉድጓዱ ይወጣና እዚህ ይገናኛል። እንቁላሉ ከወንዱ ዘር ጋር ውሃ ላይ ይቀላቀላል።

"ማን ይጠራቸዋል?" አልኩ።

"ጨረቃ ይመስለናል። የውሃው ሙቀትም። በትክክል አናውቅም።"

"ሽማግሌም የለ፣ ቀጠሮም የለ" አሉ ጋሽ ወርቁ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ይሞታሉ። ሁለቱም።"

መዳፉ ላይ ያለችውን አየኋት። ዓይኖቿ ጥቁር ነጠብጣብ ናቸው፣ እውነትም ትልልቅ። ለአንድ ማለዳ የወጣላት ዓይን ነው። ታስጸይፈኝ ነበር፣ ደግሞ ታሳዝነኝ ነበር፣ ደግሞ ታምር ነበር፤ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልለየሁትም።

"ናትናኤል" አልኩት። "እሑድ ሽማግሌዎችህን ላካቸው።"

"እምቢ ብለዋል እኮ።"

"እምቢ ያልኩት ልሰጥህ ስለፈለግኩ ነው፣ ልጄ።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ፣ በዚያ ብርሃን፣ በዚያ ሁሉ ትል ፊት፣ ለኔ ለራሴም እብደት ሆነብኝ። ቤቴ ሆኜ ስለው ሁልጊዜ ትክክል ነበር።

ልጁ ግራ ተጋብቶ አየኝ። "ታዲያ እውነተኛው እምቢ ምንድን ነው? በምን ነው የማውቀው?"

አሰብኩ። እናቴ ለእህቴ የመጡትን ሽማግሌዎች የመለሰችበትን ቀን አሰብኩ። "ሻይ አይቀርብላቸውም" አልኩት።

ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረ። ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ደፍተው ሦስት ጣት አሳዩት። "ሦስት ሦስት ስኒ" አሉ። "በስኳር።"

"ይሄን ለምን አልነገሩኝም?" አለ ናትናኤል። መጀመሪያ የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ትሏን ውሃ ውስጥ መለሳት። "እኔ ሰው ሲናገር ውስጡን ማወቅ አልችልም" አለ፣ አሁን በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ። "ቤት ውስጥም፣ ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነበርኩ። ምሕረት አንድ ነገር ስትል ያንኑ ማለቷ ነው። ለዚህ ነው የምወዳት። እርስዎ ግን ያሉኝን ነው የሰማሁት። ትል ቆጣሪ።"

"እሱስ ወግ አይደለም" አልኩ። "እሱ የኔ ምላስ ነው። ይቅር በለኝ።"

ገበያ በኖርኩበት ዕድሜዬ ሁሉ ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። እሱ ግን የሚያየው ሰማዩን ነው። ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ትሎቹም መቀነስ ጀምረዋል፤ "ካለፈኝ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው" ብሎ ባልዲውን አንስቶ ወደ ውሃው ሮጠ። ይምጣ፣ አይምጣ፣ ምንም አላለኝም። ጋሽ ወርቁን "ምን ማለቱ ነው?" አልኳቸው። "እኔንስ አይጠይቁኝ፣ እትዬ፤ መተርጎም ትቻለሁ" አሉ። በጎመኑ መሃል ተመለስን።

ሐሙስ ምንም የለም። ዓርብ ምንም የለም። ምሕረት ዌሪቢ እንደ ሄድኩ ሰምታ አቀፈችኝ፣ ግን "እሱስ ምን አለ?" ስትለኝ "ትሎቹ ይሞታሉ አለኝ" አልኳት። ቅዳሜ አሳ ጠበሰችልኝ፤ የባሕር ነገር ስለሆነ አልበላም አልኩ፣ ከዚያ በላሁ። ወንድሜ ደውሎ ለሁለተኛው ቀጠሮ የሚሆኑ ነቀፋዎች ጨመረልኝ። ቤት አለው ወይ፣ ዘር ማንዘሩ ከየት ነው፣ እንዲህ እንዲህ። እንደማይመጡ አልነገርኩትም። አፌ እሺ አላለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሕረት ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ሶፋው ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ታያለች። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ለማን እንደምከትፍ ግን አላውቅም። ደወሉ ጮኸ።

ስከፍት አራት ሰዎች ናቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ኋላ ቆመዋል። ከፊት ናትናኤል ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር ይመጣል? የት አገር ታይቶ! ጋሽ ወርቁ ከኋላ "አልቀርም ብሎን ነው፣ እትዬ፣ ይቅርታ" አሉ፤ አንገታቸውን ቀብረዋል።

ናትናኤል እጆቹን ወደ ጎኑ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። በአማርኛ ነበር፤ ሲለማመደው እንደሰነበተ ያስታውቃል፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ያነሳዋል።

"ምሕረትን ልለምን ነው የመጣሁት። እምቢ ይበሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ እመለሳለሁ። እንደገና እምቢ ይበሉኝ፤ እንደገና እመለሳለሁ። ለኔ ከባድ ነው፣ ግን እመለሳለሁ።"

ከኋላዬ ሶፋው ላይ ምሕረት ትንፋሿን ስትስብ ተሰማኝ። እኔ የወንድሜን ነቀፋዎች በሙሉ በልቤ ይዣለሁ፤ ቤቱም፣ ዘሩም፣ ሁሉም አለ። አፌን ከፈትኩ። ያ ልጅ ፊቴ ቆሞ እምቢ እንድለው ይጠብቀኛል። ነጋዴዋ አስካለ፣ አንድም ቀን በመጀመሪያው ዋጋ ያልሸጥኩት፣ እምቢ የምትለዋን ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት።

"ግባ፣ ልጄ" አልኩት። "ሰጥቼሃለሁ፤ ግባ።"

"እትዬ!" አሉ ጋሽ ወርቁ ደንግጠው፣ ከዘራቸውን አንስተው። "ኧረ ገና አልለመንንም!"

"ለምኑ እንግዲህ፣ ማን ከለከላችሁ" አልኳቸው፤ እንባዬ በሽንኩርት እጄ ላይ እየወረደ ወንበር አወጣሁላቸው።